ሽሮው በዘይት ነው አልኳቸው

ይህ ነገር የደረሰብኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኔ በሰው ላይ ያደረስኩት፣ ያለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ዓመት አልፎትም ከሆዴ አልወጣም። ሱቄ የሚመጡ ደንበኞች "ወንጪ ሄደሽ ነበር አሉ፤ እዚያ ምግብ የት ነው የሚበላው?" ብለው ሲጠይቁኝ የሌላ ሰው ጥያቄ የሰማሁ መስዬ ወደ መደርደሪያው እዞራለሁ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ተወልጄ ያደግኩት እሪ በከንቱ ሰፈር ነው። እማማ አስካለ የክርስትና እናቴ ናቸው። በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እናቴ የሞተችው ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስባል የሚመጡልኝ፣ ስታመም ግንባሬን የሚዳብሱኝ፣ ስዳር ሽማግሌ የተቀበሉልኝ እማማ ናቸው። ልጄ ሲሉኝ የአፍ ልማድ አይደለም።

የወለዷት አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሜሮን። ሜሮን ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ወርዶባታል። ለአራተኛ ጊዜ ስታረግዝ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። እማማ የተሳሉት ያን ጊዜ ነው። የጽጌን ጾም አርባውንም ቀን ሳያጎድሉ ሊጾሙ፣ በጾሙ መሐልም ወንጪ ሐይቅ ደሴቱ ላይ ያለውን ቂርቆስን ሄደው ሊሳለሙ።

"ቂርቆስ ሕፃን ነው፤ የሕፃን ነገር ይገባዋል" ይሉ ነበር።

ጽጌ እንደ ሁዳዴ ሁሉም ሰው የሚጾመው አይደለም፤ የፈቃድ ነው። እኔና ባሌ ዳዊት አንጾመውም። ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የጾም ምግብ እንደ ልብ አይገኝም። እማማ ይህን ስለሚያውቁ ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድመው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ዳቦ ልድፋ? ትንሽ ምስርም ቀቅዬ ልያዝ?"

"ምን ሆነዋል እማማ!" አልኳቸው። "ሎጅ ባለበት አገር አገልግል ተሸክመን እንሂድ? እኔ ደውዬ የጾም ምግብ አዝልዎታለሁ።"

"እንግዲያስ አንቺ ካልሽ" አሉ።

አንዲት ደንበኛዬ እዚያ ያለ የአንድ ሎጅ ስልክ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። ሐሙስ ልደውል አልኩ፣ ረሳሁት። ዓርብ አንድ ልብስ ሰፊ ትልቅ ትእዛዝ ይዞ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ዚፕ ስለካ ዋልኩ። ማታ እማማ እንደገና ደወሉ።

"አዘዝሽልኝ?"

"አዝዣለሁ" አልኩ።

ጠዋት እደውላለሁ ብዬ ነው እንዲህ ያልኩት። እኔ እንደዚህ ነኝ፤ ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ እልና በኋላ ሮጬ አደርገዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይሳካልኛል። ጠዋት ግን የተበደርነውን የዳዊትን ወንድም መኪና ስናሟሟቅ፣ እማማን ከበራቸው ስናነሳ፣ ነገሩ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ።

መንገዱ ላይ ደስ ብሎን ነበር። ዳዊት ፒያሳ ያደገ ነው፤ ዝም ማለት አይሆንለትም።

"እማማ፣ ቂርቆስ እኮ አዲስ አበባም አለ። በታክሲ አደርስዎት ነበር።"

"ያኛውማ ሥራ ይበዛበታል" አሉት እማማ፣ ሳይስቁ።

ዳዊት መሪውን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። እማማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ነጠላቸውን ወደ አንድ ትከሻቸው ሰብስበው ያያሉ። ከአዲስ አበባ ከወጡ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ እሳቸውም አያስታውሱትም።

ሐይቁን ተራራው አናት ላይ ሆነው ሲያዩት ትልቅ ድስት ውስጥ ያለ ይመስላል። መኪናውን ከላይ አቁመን እማማን በፈረስ፣ እኛ በእግራችን ወረድን። በጀልባ ተሻገርን። እማማ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ወድቀው ብዙ ቆዩ። የሜሮንን ስም ደጋግመው ሲጠሩ እሰማቸዋለሁ። ሲነሱ ፊታቸው በእንባ ረጥቦ ፈካ ብሎ ነበር።

"አሁን ሆዴ ዐረፈ" አሉኝ።

ስንመለስ ጀልባው ዘገየ። ወደ ላይ መውጣቱም ጊዜ ወሰደ። እማማ ስኳር አለባቸው። ሐኪማቸው በልመና የፈቀደላቸው እስከ ስድስት ሰዓት እንዲጾሙ ብቻ ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ ግን ስምንት ሰዓት እየሆነ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ከቦርሳዬ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወት አደረጋቸው። ይህን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም በኋላ ለራሴ "ረሃቡ ሊገድላቸው ነበር" እያልኩ ልዋሽ ሞክሬያለሁ። አልነበረም።

ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። አልደወልኩም።

እማማና ዳዊት መኪናው ውስጥ ሆነው ጠበቁኝ። እኔ "ምግቡ ደርሶ እንደሆነ ልይ" ብዬ እዚያው አጠገብ ወዳለው ሎጅ ገባሁ። ግቢው ሰው በሰው ነው፤ ሙዚቃው ይጮኻል። አንዲት አስተናጋጅ ጠራሁ።

"ዛሬ ሰርግ አለብን፤ ቦታውም ምግቡም ተይዟል" አለችኝ። "ደውላችሁ ነበር እንዴ?"

"አልደወልንም።"

"ይቅርታ እህቴ። ደውላችሁ ቢሆን የጾሙን እናስቀምጥላችሁ ነበር።"

ወደ መኪናው ስመለስ እማማ በመስኮት እያዩኝ ናቸው። ያኔ "እማማ፣ ረስቼው ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" ብል ምን ይሆን ነበር? ምንም። ይቆጡኝ ይሆናል፣ ዳዊት ይቀልድብኛል፣ ያልቃል። እኔ ግን "እዚህ አይደለም ለካ፣ ታች ያለው ቤት ነው ያዘዝኩት" አልኩ። ዳዊት መኪናውን አዞረ።

ትንሽ ወረድ እንዳልን መንገድ ዳር አንድ ቆርቆሮ ቤት አገኘን። ውስጡ ሦስት አግዳሚ ወንበርና ጣውላ ጠረጴዛ አለው። ከጓዳ በኩል ጭስ ይወጣል። ዳዊት ጎማው አየር ቀንሷል ብሎ ውጪ ቀረ። እማማን አስቀምጬ ወደ ጓዳው ገባሁ። ባለቤቷ ሻሽ ያሰረች ቀጠን ያለች ሴት ናት።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ጥብስ አለ፣ ሽሮ አለ።"

"ሽሮው የጾም ነው?"

"ቅቤ አለው። ጾም ከሆናችሁ በዘይት እሠራላችኋለሁ፤ እንጨቱ ረጥቧል እንጂ። ግማሽ ሰዓት ብትታገሱኝ ይደርሳል።"

ልክ በዚያች ደቂቃ እማማ ከተቀመጡበት ሆነው ተጣሩ። "ልጄ፣ ያዘዝሽው ደርሷል?"

ሴትዮዋ አየችኝ። እኔም አየኋት።

"ደርሷል እማማ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ ድምፄን ቀንሼ "ያለውን አምጪልን" አልኳት።

ሽሮው እየተንተከተከ በሸክላ ድስት መጣ። ቅቤው ላዩ ላይ ቢጫ ቀለበት ሠርቷል። በእንጀራ ቶሎ ቶሎ አማሰልኩት፣ እንዳይታይ። እማማ እጃቸውን ታጥበው አማተቡ። ለመቁረስ ጎንበስ ሲሉ ቆም አሉ።

"ቅቤ ቅቤ አለኝ" አሉ።

"ጓዳ ቅቤ እያነጠሩ ነው" አልኩ። "ሽሮው በዘይት ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያዘዝኩት።"

እማማ ፈገግ አሉ። "አፍንጫዬ ይዋሻል እንጂ አንቺ አትዋሺኝም" ብለው ቆረሱ።

በሉ። ጠግበው በሉ። ጣፈጣቸው። "እንዴት ያለች ባለሙያ ናት፣ ስመለስ ለሜሮን እንዲህ አድርጌ ነው የምሠራላት" አሉ። ዳዊት እጁን ታጥቦ ገባና አንድ ጊዜ ጎረሰ። ማኘኩን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። የጎረሰውን በግድ ዋጠው።

ስንመለስ እማማ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዳዊት አንድም ቀልድ አልወጣውም። እማማን አድርሰን ብቻችንን ስንሆን ነው የተናገረው።

"ሽሮው ቅቤ ነበረው።"

"አውቃለሁ።"

"እሳቸው ግን አያውቁም።"

"አያውቁም።"

ትንሽ አሰበና "እንግዲህ እንዳትነግሪያቸው። ያላወቀ አይጠየቅም" አለ። እኔም ተስማማሁ። ለጊዜው ቀሎኝ ነበር።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ሜሮን ወንድ ልጅ ወለደች። ሦስት ኪሎ ከግማሽ፣ ጤነኛ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እኔም ከሁሉ በላይ ጮኼ እልል አልኩ። ጥር መግቢያ ላይ ልጁ ክርስትና ሲነሳ እማማ ቤት ዳስ ተጣለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ።

ምግቡ ተነስቶ ጠላው ሲዞር እማማ ቆሙ። በሰው ፊት መናገር የማይወዱ ሴት ናቸው። ሦስቱን ጽንስ፣ ስለታቸውን፣ ጉዟቸውን ተናገሩ። "አርባውን ቀን ሳላጎድል ጾምኩ፤ ቂርቆስም አላጎደለብኝ" አሉ። ከዚያ እኔ ወደተቀመጥኩበት ዞሩ።

"ምስክሬ ይቺ ልጄ ናት። ሐይቁ ድረስ ወስዳ፣ በሰው አገር ጾሜን እንዳልገድፍ ቀድማ ምግብ አዝዛ ያበላችኝ እሷ ናት። የወለድኳትን ያህል ናት።"

ሰው አጨበጨበልኝ። አንዲት አሮጊት ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። አንድ ቄስ "የተባረክሽ" አሉኝ። ዳዊት አጠገቤ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ የማስቀምጥበት አጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ መተኛት አልቻልኩም። እማማ ያመሰገኑት በሌለ ነገር ነው። ምስክር ያሉት ደግሞ ያንኑ ነገር ያፈረስኩትን እኔን ነው። አንድ ሳምንት ቻልኩት። በሳምንቱ እማማ ለልጁ ብርድ ልብስ ጠርዝ የሚሆን ነጭ ክር ፈልገው ሱቄ መጡ። ሌላ ሰው አልነበረም። ክሩን እያወረድኩ ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው ጀመርኩት፤ ፊታቸውን እያየሁ ብሆን አልጀምረውም ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ያልደወልኩትን ስልክ፣ ሎጁን፣ ቅቤውን፣ ማማሰሌን።

እማማ በሱቁ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ውጪ ታክሲ የሚጠሩት ልጆች ይጮኻሉ።

"ሴትዮዋ በዘይት እሠራለሁ ብላሽ ነበር?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል አለችሽ?"

"ግማሽ ሰዓት።"

"ግማሽ ሰዓት" አሉ። "እኔ ላንቺ ግማሽ ሰዓት አልጠብቅም ነበር?"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክሩን ከእጄ ተቀብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በድልድዩ በኩል ቀስ እያሉ ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተናግሬ ተገላገልኩ እል ነበር። እማማ ግን በማግስቱ አርባውን ቀን እንደ አዲስ መጾም ጀመሩ። ያሁኑ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የንስሐ አባታቸው "በማያውቁት አይጠየቁም፣ ጥፋቱ የልጅቷ ነው" ብለው ሊያስተዉአቸው ሞከሩ። "ስለቱን የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁን ተቀብዬ ዋጋውን ላጎድል?" ብለው እንቢ አሉ። ለሜሮን ምክንያቱን አልነገሯትም። እኔን ማንም ሰው እንዳይወቅሰኝ ብለው ይመስለኛል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ሜሮን ናት። እማማ ግቢው ውስጥ ካለው ደረጃ ላይ ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል። ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተዋል። ሱቁን ክፍት ጥዬ ነው የሮጥኩት፤ ጎረቤቴ ዘጋልኝ።

ሜሮን ኮሪደሩ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። ጠዋት የእማማ የንስሐ አባት ሁሉንም ነግረዋታል።

"ለምን ነገርሻት?" አለችኝ።

"እውነቱን ማወቅ ነበረባቸው..."

"ለእሷ ብለሽ ነው የነገርሻት ለራስሽ?"

እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

እማማ ነፍሳቸው ተረፈች። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው እንድቀመጥ አስጠሩኝ። ግራ እጃቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፤ በወደቁበት ጊዜ ጉንጫቸው በልዟል። አልቅሼ "የቀረውን ሃያ ስምንት ቀን እኔ እጾምልዎታለሁ" አልኳቸው።

"የኔን አንቺ አትጾሚልኝም" አሉ። "የራስሽ አለሽ፤ እሱን ጹሚ።" ቆይተው ደግሞ "ይቅር ብዬሻለሁ" አሉኝ። በጤነኛው እጃቸው እጄን ያዙኝ። የእውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እማማ የማይሰማቸውን አይናገሩም።

የንስሐ አባታቸው ከዚያ በኋላ እንዲተዉት አዘዙ፤ ሐኪሙም ጨመረበት፣ ጾሙ ቀረ። እኔ ሃያ ስምንቱን ቀን ለማንም ሳልናገር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። ያን በማድረጌ የተሻለኝ ነገር የለም። ዳዊትም አንድ ቀን ምሳውን ብቻውን እየበላ "እኔም እኮ ያኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር" አለኝ።

አሁን እማማ ደህና ናቸው። በምርኩዝም ቢሆን ይሄዳሉ። ሜሮንም ታናግረኛለች፤ ልጇን ሱቄ ድረስ አምጥታ ታስይዘኛለች። እማማም እንደ ድሮው ቤቴ ይመጣሉ። ይቀመጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ስለ ልጁ ጥርስ ያወራሉ፣ ዳዊትን ይቆጡታል።

አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ምሳ ሳቀርብ "በልቼ ነው የመጣሁት ልጄ" ይላሉ። እራት ሲሆንም "በልቼ ነው የመጣሁት።" አንዴ ወይም ሁለቴ ቢሆን እውነት ነው እል ነበር። እውነቱን ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ከቤቴ ውሃ እንጂ እህል ቀምሰው አያውቁም። በክፋት አይደለም፤ እያፈሩ፣ ዓይናቸውን ከዓይኔ እያሸሹ ነው የሚሉት። እኔ እንዳላዝን የሚጨነቁ ይመስለኛል።

ሌላ እንግዳ ቢሆን ቆርሼ፣ ጠቅልዬ፣ "በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ" ብዬ ግድ እለው ነበር። እሳቸውን ግን በሞቴ ልላቸው አፌ አይታዘዝልኝም። "እሺ እማማ" እላለሁ፤ ሳህናቸውንም አነሳለሁ።